ቀን ወንበር፣ ማታ አልጋ

ባለቤቴ በዕድሜው ብዙ የማይረባ ነገር ገዝቷል። ሰዓት ማየት ሳያውቅ ሰዓት ገዝቶ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ከርሟል። ዝናብ ሲመጣ የማይከፈት ጃንጥላ ገዝቷል። ሦስት እግር ያላት በቅሎ ገዛ ብል እግዜር ይታዘበኛል፤ ግን አራተኛ እግሯን መሬት ስታስነካ ያየ ሰው የለም። ከሁሉም የከፋው ያ አረንጓዴ ተጣጣፊ ወንበር ነው። እሱን እንዳልስቅበት ደግሞ የመረጥሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ስሳደብ ድርሻዬን ለራሴም አስቀርቼ ነው።

መተማ የወረድነው ጣሊያን ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነበር። እኔ የጭልጋ ደገኛ ነኝ። እሱም እንዲያው ነው፤ ቆላ ከወረደ ወዲህ ግን «ደገኛ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ይዞት ነበር። ሰሊጥና ሙጫ እየገዛ ከድንበር ማዶ ላሉ የገላባት ነጋዴዎች ያስረክባል። ቤታችን ግድግዳው የማሽላ አገዳ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ አንድ ክፍል ነው። ከመጋረጃው ጀርባ እኛ ጠፍር አልጋ ላይ እንተኛለን። ከመጋረጃው ወዲህ ያለው የሱ ነው፤ ነጋዴ ተቀብሎ፣ ሰሊጥ በመዳፉ እያሻሸ ሲዋሽ ይውልበታል።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለድሁ። ኅዳር ላይ፣ በአህያ ጨው ጭኖ ሲወጣ ሲወርድ የሚኖር ያገሬ ሰው የእናቴን መልእክት ይዞልኝ መጣ። «ከጥምቀት በኋላ ልጅሽን ላይ እመጣለሁ ብላለች» አለኝ። ከዚያ አንገቱን አከከና፣ ነገሩ የሱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ «ላሚቱንም ለጎረቤት በአደራ ሰጥታለች» ብሎ ጨመረልኝ።

አባቴ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነበር። ወንድምም እኅትም የለኝም። ላሟን በአደራ ሰጥታ የምትመጣ ሴት ለሦስት ቀን አትመጣም፤ ልትቀመጥ ነው። እናቴ ይህን አፍ አውጥታ አትናገርም፤ «አስጠጊኝ» ከምትል ምላሷን ብትነክስ ይቀላታል። እኔ ግን ገባኝ።  በቆላ ምድር ያለ እናት ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። እግዜርን «እናቴን አስቀርልኝ» እያልሁ ስለምን ሰነበትሁ፤ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ችግሩ መኝታ ነው። ደጋ ቢሆን መሬት ላይ የቆዳ ጀንዲ ይነጠፋል፣ ጋቢ ይደረባል፣ አለቀ። ቆላ ላይ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው የጊንጥ እንግዳ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ያስፈልጋታል።

«መደብ እንሥራላት» አልሁት።

እንደ እብድ አየኝ። «መደብ? ከጭቃ? ነጋዴ በሚገባበት ቤት? ምስጥ ልትጠሪብን ነው?»

ስለ ምስጡ ውሸት አልተናገረም። የጨነቀው ግን ምስጡ አልነበረም። ከሰሞኑ ለጣሊያን መኮንኖች ማር ሊሸጥ ገብቶ፣ ሲቀመጡበት እንደ ሊጥ የሚሰምጥ ወንበር አይቶ መጥቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን በርጩማ ሁሉ መቀመጫውን ይቆረቁረው ጀመር። ከማን አንሼ ባይ!

መጀመሪያ ግን እኔ ወዳልሁት ወሰድሁት። የድንበሯን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ ገላባት ላይ አንድ ሽማግሌ ሼህ ነበሩ፤ ሱዳኖች አንገረብ የሚሉትን አልጋ ይሠራሉ። አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ መሐሉ በጠፍር የተጠላለፈ፤ ሁለት ሴት አንሥታ ቀን ጥላ ሥር፣ ማታ ቤት የምታስገባው ቀላል አልጋ። ልጄን አዝዬ ከባለቤቴ ጋር ሄድሁ። ሽማግሌው ጠፍራቸውን በጥርሳቸው እንደያዙ፣

«ማን ነው የሚተኛበት?» አሉ።

«እናቴ ናት።»

«ቁመቷ እስከ ምንሽ ይደርሳል?»

እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ተነሡና ገመድ አምጥተው ከጆሮዬ እስከ ተረከዜ ለኩኝ፤ ልኩን ቋጠሩት።

«የሚያማት ነገር አለ?»

«ወገቧን አልፎ አልፎ።»

«እንግዲያ ጠፍሩን ጠበቅ አደርገዋለሁ። ከደጋ ስትወርድ ንዳድ አይምራትም፤ የታመመ ሰው ከረገበ አልጋ መነሣት ይከብደዋል።»

ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሟል። አሁን ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ስንት ሰው ያስቀምጣል?» አላቸው።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «አልጋ እኮ ነው፣ ልጄ። ሰው ይተኛበታል።»

ስንመለስ ወንዙን እስክንሻገር እንኳን አልታገሠም። «ይኼማ የግመል ነጂ መኝታ ነው! ነጋዴ ገብቶ ይሳቅብኝ?» አለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ትንሽ ቀፎኝ ነበር። ያኔ መተማ ውስጥ አንገረብ የሌለው ሰው የለም። የጫኙም፣ የሰሊጥ አጫጁም፣ የውኃ ቀጂዋም ቤት አለ። ለናቴማ ከሁሉ ሰው የተለየ ነገር ይገባታል አልሁ። እናቴ ከሁሉ ሰው የተለየ ነገር ፈልጋ እንደሆነ ማን ጠየቃት? ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኔ ነበርሁ ያች ሳሚ።

ገበያው መሐል ቆርቆሮ ቤት የነበረው አንድ ነጋዴ አለ፤ በጣሊያን ካሚዮን ከጎንደር የወረደ ዕቃ ሁሉ በሱ በኩል ያልፋል። እሱ ዘንድ ገባን። ወንበሩ ከጨው ከረጢትና ከላምባ ጣሳ መሐል እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። አገሩ ከሚገባ ጣሊያን ላይ ነው የገዛሁት አለ። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ፣ ሁለት ሰው ደህና አድርጎ፣ ሦስት ሰው አጣብቆ የሚያስቀምጥ፣ ሆዱ ብረት የሆነ ነገር ነው።

«ቀን ወንበር፣ ማታ አልጋ!» አለ ነጋዴው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው። «እንግዳ ሲመጣ ትስበዋለህ፣ ይዘረጋል። እንግዳ ሲሄድ ትገፋዋለህ፣ ይታጠፋል።»

ሊያሳየን ሳበው። እምቢ አለ። ሁለት ጫኝ ጠራና ሦስት ሁነው ሳቡት፤ እንደሚታረድ ፍየል ጮኸና ድንገት ተዘረጋ፤ የነጋዴውንም ጣት ያዘ። «ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ወላሂ!» እያለ ጣቱን ይጠባል። ገበያተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ከነጫማው ተጋደመበት። አንዱ የወንበሩን እግር ወጋ ወጋ አደረገው። አንዲት ጎመን ሻጭ አሮጊት አየት አደረገችውና፣ «በሉ እንግዲህ፣ እንግዳችሁን ሳይውጥ አስወጡት» ብላ ሄደች። ባለቤቴ ግን ተቀምጦ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፤ ፊቱ የጥምቀት ዕለት ያለ ሕፃን መስሏል።

ነጋዴው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፤ «በቀን ስንት እንግዳ ትቀበላላችሁ?» አለ። ማን እንደሚተኛበት አልጠየቀም።

ባለቤቴ ተንኮለኛ ነው። ልቡ እንደሞተለት እያየሁት ወደኔ ዞረና፣ «መቼም ለእናትሽ ነው፤ አንቺ ምረጪ» አለኝ። እኔም ተቀመጥሁበት። ለስላሳ ነው። ጨርቁን በመዳፌ ዳሰስሁት። በልቤ የመጡብኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ በር ላይ ቆመው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ «ጉድ! ለእናቷ እኮ ነው የገዛችው» ሲሉ ሰማኋቸው። እናቴ ትዝ ያለችኝ ወደ ነጋዴው ስዞር ብቻ ነው፤ «ብቻዋን ትከፍተዋለች?» አልሁት።

«ምን ችግር አለው፣ እመቤቴ! ባልሽ ይከፍትላታል።»

ይህችን ቃል ስሰማ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም። «ይኼ ይሻላል» አልሁ። ሰሊጡ ተሰፈረለት፣ ወንበሩም የኛ ሆነ።

በበራችን አልገባ አለ። ለአንድ ወንበር ብለን የቤታችንን ግድግዳ አፈረስን፤ አስገብተን መልሰን አጠርነው። ባለቤቴ የመጀመሪያው ተቀማጭ ሆነ፤ እስከ ጥምቀትም አልተነሣም ብል ብዙ አልዋሸሁም። የመተማ ሥራ ፈት ሁሉ የሰሊጥ ዋጋ ሊጠይቅ ይመጣ ጀመር። የመጣው አይሄድም። ያልመጣው ይመጣል። እኔ ውኃ ሳቀርብ፣ ጠላ ስቀዳ እውላለሁ። ማታ ማታ ባለቤቴ «ወንበር ያለው ሰው ወዳጅ ያፈራል» ይለኛል።

ጥር ሲጋመስ እናቴ ደረሰች። ከጨው ነጋዴዎቹ ጋር አምስት ቀን በእግሯ ወርዳ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ጀርባዋ ላይ ጓዟን ተሸክማ። የጓዙን ትልቅነት ሳይ ልቤ ዘለለ። ጀንዲዋ አለ፣ ሁለት ጋቢዋ አለ፣ እንዝርቷ ሳይቀር አለ። እንዝርቷን ይዛ ለጥየቃ የምትመጣ ሴት የለችም። ትቀመጣለች! አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስሁ።

ይዣት ገባሁ። ባለቤቴና ሁለት ነጋዴዎች ወንበሩን ሞልተውታል። እናቴ አማቿን እንዳየች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች፣ ዞር አለችና በሩ ጥግ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

በኛ አገር አማትና አማች ይተፋፈራሉ። አማት በአማቿ ፊት አትበላም፣ ጮክ ብላ አትስቅም፣ እግሯን አትዘረጋም። እሱ ካለበት ክፉኛ ሳይቸግራት አትገባም። ይህን ማንም ደገኛ ከናቱ ጡት ጋር ይጠባዋል። እኔ ወር ሙሉ ስለ ብረቱ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ዘይቱ ሳስብ፣ ይህ አንድ ቀን ትዝ አላለኝም። ባለቤቴም ትዝ አላለውም። «ከፍ ይበሉ እንጂ እሜቴ! እዚህ ይቀመጡ፣ ለርስዎ እኮ ነው የገዛነው!» እያለ ከጎኑ ያለውን ቦታ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። እናቴ ከነጠላዋ ሥር፣ «ኧረ ይኸው ደህና ነኝ፣ እግዜር ያክብርልኝ» አለች። ሁለቱ ነጋዴዎች ትንሽ ጠጋ ጠጋ አሉ፤ የሚነሣ ግን የለም።

ሲመሽ እንግዶቹ ሄዱ። ባለቤቴ እጅጌውን ሰብስቦ አልጋውን ሊያሳያት ተነሣ። ሳበ። ጮኸ። ተዘረጋ። «ይኼ ነው እንግዲህ!» አለ፣ እሱ ራሱ የወለደው ይመስል። እናቴ ነጠላዋን እንደያዘች፣ «በእውነት ግሩም ነው» አለች። ነጭ አንሶላ አነጠፍሁላት፣ መጋረጃውን ዘግተን ተኛን።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። አንሶላው ትናንት እንዳነጠፍሁት ነው፤ አንድ ሽብሽባት የለውም። እናቴ ከሥሩ መሬት ላይ፣ ጀንዲዋ ላይ ኩርምት ብላለች። ጊንጥ በሚርመሰመስበት መሬት! ደሜ ፈላ።

«ምን ሁነሽ ነው? ወደቅሽ እንዴ?»

«ኧረ አልወደቅሁም። ሞቆኝ ነው» አለች፤ ፈጥናም ጀንዲዋን ጠቀለለች። ባለቤቴ ሲነሣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ወንበሩ ታጥፎ፣ እሷም በርጩማዋ ላይ ነበረች። እንዴት ብቻዋን እንዳጠፈችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጉልበቷን ሳስበው ያመኛል።

በሁለተኛው ማታ ይዤ አስተኛኋት። «ተኚ ብዬሻለሁ!» ብዬ ጋቢዋን ጠቀጠቅሁባት። ተኛች። ጧት ሳይ ቁጭ ብላለች፤ ጠርዙ ላይ፣ እግሯን ሰብስባ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ የዛሬ ሰው። አልተኛችም።

በሦስተኛው ቀን ንዳዱ ያዛት። ሼሁ እንዳሉት ነው የሆነው። ረፋዱ ላይ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ዓይኗ ቀላ። «ተጋደሚ፣ እናቴ» አልኋት። ቀና ብላ ወንበሩን አየችው። እኔም አየሁት። ሦስት ወንዶች ተቀምጠውበታል፤ ባለቤቴ መሐላቸው ሁኖ ስለ ሽንፋ ሰሊጥ ያወራል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «ተነሡ፣ እናቴ ታማለች» ማለት። ተነሥተው ይሄዱ ነበር፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይሉኝታ ያዘኝ። ባሌን በሰው ፊት ላሳፍረው? የነጋዴ ጨዋታ ላቋርጥ? ማሰሮውን አንሥቼ ውኃ ቀዳሁላቸው። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች፣ «ደጅ ይሻለኛል፤ ነፋስ አለ» አለችና ወጥታ ከጎተራው ጥላ ሥር መሬት ላይ ተጋደመች። ጎረቤቶቼ አዩዋት። «ጉድ!» ሲሉ ሰማኋቸው፤ እንደተመኘሁት፣ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው።

ከመጋረጃው ጀርባ የራሳችን አልጋ ነበረ፤ ወደዚያ አስገቢያት የሚለኝ ይኖራል። ብያታለሁ። «የባልና የሚስት አልጋ ላይ? እግዜር ይቅር ይበልሽ» አለችኝ።

ማታ ትኩሳቱ ጋብ አለላት። በማግስቱ ጧት የጨው ነጋዴዎቹ ሊወጡ ሲጭኑ፣ እናቴ ጓዟን አስራ በር ላይ ቆመች። ያን ትልቅ ጓዝ እንዳለ መልሳ። እንዝርቷን አልፈታችውም ነበር። አለቀሰች ብል ደስ ባለኝ፤ አላለቀሰችም። ያለቀስሁት እኔ ነኝ፤ በንዴት።

«ላንቺ ብዬ የገዛሁትን ናቅሽብኝ! ግድግዳ አፍርሼ ያስገባሁትን!»

ልጄን ከእጄ ተቀብላ ሳመቻት። «አልናቅሁም፣ ልጄ» አለች። «አማቼ ሲቀመጥበት የዋለ ላይ ጎኔን እንዴት ላሳርፍ? ደግሞ ማታ ሰጥቶ ጧት የሚነጥቅ አልጋ ምን አልጋ ነው? አትቀየሚኝ፤ አንቺ ወንበር ነው የገዛሽው።»

ሄደች። ንዳድ ያለባት ሴት አምስት ቀን ሽቅብ። ባለቤቴ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ደገኛ!» አለ። «አየር አልተስማማትም» አለ ደግሞ። እኔ ግን ያን ዕለት አፌን ከፈትሁበት፤ ምን እንዳልሁት እዚህ አይጻፍም። ለሳምንት ያህል ነጋዴ ቤታችን አልመጣም፤ ድምፄ ገበያ ድረስ ተሰምቶ ኖሯል።

አንድ ቀን ገላባት ስሻገር በሼሁ በር አለፍሁ። የተቋጠረው ገመድ ግድግዳቸው ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። «እናትሽ መጣች?» አሉኝ። «መጥታ ተመለሰች» አልሁ። ገመዱን ግን አላወረዱትም።

ወንበሩ ከዚያ ወዲያ አላማረበትም። አረንጓዴው በቆላ ፀሐይ የደረቀ ቅጠል መሰለ። የሰሊጥ ዘይት ተደፋበት። ዶሮዬ የሚታጠፍበት ሆዱ ውስጥ ገብታ እንቁላል ትጥል ጀመር፤ ባለቤቴ ለአንድ የተከበረ እንግዳ ሲዘረጋው አሥራ አንድ እንቁላል ፈጠፈጠ። ከዚያ ትኋን ገባው። ትኋን ለነጋዴና ለደሀ አይልም፤ ወዳጆቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ወንበር ያለው ሰው ወዳጅ ያፈራል ማለት ይኼ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ክረምት ላይ ጦርነቱ ድንበሩ ላይ መጣ። ጣሊያንና እንግሊዝ እዚያች ደረቅ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁነው መድፍ ይወራወሩ ጀመር። አይሮፕላን መጣ። ሰው ያለውን ይዞ ወደ ኮኪት፣ ወደ ሽንፋ፣ ወደ ደጋ ተበተነ። እኛም ወደ እናቴ ለመውጣት አሰብን፤ ሌላ የት እንሄዳለን? አንድ አህያ ነበረችን። ልጄን አዘልሁ፣ ለስንቅ ማሽላ ልጭን ከቤት ስወጣ ምን አየሁ? ባለቤቴ አህያይቱ ላይ የወንበሩን ብረት ጭኗል! ጨርቁን ገፎ፣ አጥንቱን።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ብረት ነው! ደጋ ላይ እንዲህ ያለ ብረት የት ይገኛል? ጨርቅ ይለብስና…»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ማሽላውን በራሴ ተሸከምሁ። ሐምሌ ጭቃ፣ ሽቅብ መንገድ፤ አህያይቱ በወደቀች ቁጥር ያ ብረት እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይጮሃል፤ ከኋላ የሚመጣው ስደተኛ ሁሉ ያን ሁሉ መከራውን ረስቶ ይስቅብናል። እኔ አልሳቅሁም። እግሬ ሽቅብ ይሄዳል፣ ሆዴ ግን ቁልቁል ነበር። በምን ፊቴ ነው የማያት? ወንድ አልጋዋ ላይ ተቀምጦ ደጅ ያስተኛኋትን ሴት፣ አስጠጊኝ ልላት ነው። በሩን ብትዘጋብኝ እውነት አላት እያልሁ ወጣሁ።

አልዘጋችም። በር ላይ ቆማ ነበር፤ መንገዱን በየቀኑ ትጠብቅ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። አማቿን እንዳየች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ብረቱንም አየችው። ነጠላው ሥር ትከሻዋ ሲነቀነቅ አይቻለሁ፤ ሳቀች። ከዚያ ለሱ፣ «እንኳን ደህና መጡ፤ ከወንድሜ ቤት አልጋ ተነጥፎልዎታል» አለችው። አጎቴ እጁን ይዞ፣ ከነክብሩ፣ አጥሩን አሻግሮ ወሰደው። ብረቱ ግቢ ቀረ፤ ኋላም ዶሮዎቿ ሰፈሩበት።

እኔን ወደ ውስጥ አስገባችኝ። የማውቀው ቤት ነው፤ የተወለድሁበት። ያልነበረ ነገር አየሁ። ከምድጃው ጎን፣ ሙቀቱ በሚደርስበት፣ አዲስ መደብ ተሠርቷል። ጭቃና ጭድ፣ በእበት ተለቅልቆ እንደ መዳፍ የለሰለሰ። አራስ ልጅ ያላት ሴት ከነልጇ የምትዘረጋበት ስፋት አለው። የራስጌው በኩል ከፍ ብሏል። ያ የማውቀው ጀንዲ ተነጥፎበታል።

«ይኼን መቼ ሠራሽው?»

«ከአንቺ ዘንድ የተመለስሁ ሰሞን ነው። ንዳዱ ሲለቀኝ።»

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል?» አለች፣ እንጨት ወደ እሳቱ እየገፋች። «ያ አገር አላማረኝም። አንድ ቀን ትመጫለሽ ብዬ ነው።»

ጎረቤቷ እግራችንን ልታጥብ ውኃ ይዛ ገብታ ነበር። «ኧረ ይህችን መደብ ተያት!» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አላስቀመጠችባትም። ቄሱ እንኳን ለጠበል ሲመጡ በርጩማ ነው የምትሰጣቸው። የልጄ መኝታ ናት፣ ትላለች።»

 እኔ፣ ባሌን ስሰድብ ገበያ የሚሰማኝ ሴት፣ በሹክሹክታ «እናቴ…» ብዬ ጀመርሁ። እሷም እንድጨርሰው አልጠበቀችኝም፤ ልጄን ከጀርባዬ አወረደች፣ ጋቢውን ገለጠች።

«በይ፣ ደክሞሻል። ተጋደሚ» አለች።

ገና እኩለ ቀን ነበር። ቤቱ ሊጠይቀን በመጣ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም በርጩማና መሬት ላይ ነው። እግሬን ዘረጋሁ፤ መደቡ ልክ በቁመቴ ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ተጋደምሁ፤ ማንም ተነሺ አላለኝም።